ካርዱ ላይ የጻፍኩት

የልጁን ላንቃ ያየሁት እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ በባትሪ ነው። ከኋላ ያለው ለስላሳው ላንቃ ገጥሟል። ከፊት ያለው ጠንካራውም ገጥሟል። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ግን የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች፤ ጠርዟ ላይ የወተት ትራፊ ተጣብቋል። ባትሪውን አጥፍቼ ቀና አልኩና እናትየውን «ምን አብልተሽው ነው?» አልኳት።

ነርስ ነኝ። ለብዙ ዓመታት የሠራሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች በሚታከሙበት ክፍል ነው። የሆስፒታሉን ስም አላነሳም፤ የምናዘዘው የራሴን ጥፋት ነው።

«ምን አብልተሽው ነው?» በእኛ ክፍል አዲስ ጥያቄ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበሩት ታላላቆቼ ይጠይቁታል፤ እኔ ከእነሱ ሰማሁ፤ ከእኔ በኋላ የመጡት ደግሞ ከእኔ ሰሙ። ስፌቱ የተከፈተ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው ላንቃው ነው፤ ቀጥሎ እናቱ።

የዚያች ሴት ነገር እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የሕፃን ከንፈር በማኅፀን የሚገጥመው ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ላንቃው ደግሞ ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት። ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ገና ባላረጋገጠችበት ወቅት ማለት ነው። በዓለም ላይ በግምት ከ700 ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው፣ አንዳንዴም ሁለቱም ሳይገጥሙ ይወለዳል። ምክንያቱ ከዘር የመጣ ሊሆን ይችላል፣ በእርግዝና ወቅት ያጋጠመ ነገር ሊሆን ይችላል፣ የሁለቱ ድምርም ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ልጅ ለይቶ «በዚህ ምክንያት ነው» ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። በመንደር ግን ምክንያቱ ጠፍቶ አያውቅም። እርግማን ነው ይባላል፤ እርግማኑም በእናትየው በኩል የመጣ ነው ይባላል።

ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ለመጥባት አቅም የለውም። አፉና አፍንጫው ስለተገናኙ አየር ስቦ ጡት መያዝ አይሆንለትም፤ የገባለትም ወተት በአፍንጫው ይመለሳል። ይቺ ሴት የመጣችው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ጡቷን በእጇ እያለበች፣ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ በኋላም በላም ወተትና በአጥሚት ሁለት ዓመት ተኩል አድርሳዋለች። ሌሊት ሲርበው ቀጥ አድርጋ ይዛ ነው የምታበላው፤ ካስተኛችው ትን ይለዋል። ይህን ሁሉ ልጁ አልጋ የያዘ ዕለት ጠይቄ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ቅጹ ላይ የአመጋገብ ታሪክ የሚሞላበት ቦታ አለ። ይህን ልጅ በማንኪያ ነፍሱን ያቆየችለትን ሴት ነው እንግዲህ ምን አበላሽው ያልኳት።

ሰነፍ ነርስ አልነበርኩም። ላንቃ የሚሰፋው የልጁ አንገት ወደ ኋላ ቀና ተደርጎ፣ አፉ በብረት መክፈቻ ተከፍቶ ነው። ብረቱ ምላስን ተጭኖ ይይዛል፤ ሥራው ከረዘመ ምላስ ያብጣል፣ ያበጠ ምላስ ደግሞ ጠባቡን የልጅ የአየር መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ሌሊት የእንቅልፍ ሌሊት አይደለችም። ልጁ በጎኑ ይተኛል። ከአፉ የሚወርደው ምራቅ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ደግ ነው፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ሐኪም ይጠራል። ከሁሉ የሚያታልለው ምንም ሳይወርደው ጸጥ ብሎ የተኛው ልጅ ነው። ጉሮሮውን ማየት ያስፈልጋል። ተኝቶ ሳለ ቶሎ ቶሎ የሚውጥ ከሆነ የሚውጠው ደሙን ነው፤ ኋላ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ጥቁር አድርጎ ሲያስመልስ ብዙ ፈሶት ታገኙታላችሁ። ይህን አውቅ ነበር። በተረኝነቴ ሌሊት ከአልጋ አልጋ በባትሪ የልጆች ጉሮሮ ስቆጥር ነው የማነጋው። ይመሰገንልኝም ነበር።

መሸኘትን ግን እንደ ሥራ አንቆጥረውም። ጠዋት ራውንድ ሲያበቃ የሚወጡትን እናቶች ኮሪደር ላይ ሰብስቤ በአንድ ትንፋሽ እነግራቸዋለሁ። ሦስት ሳምንት አጥሚት፣ ወተት፣ ስስ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ቆሎ የለም። ጡጦና ስትሮ ክልክል ነው። ማንኪያው ከከንፈሩ አይለፍ። በልቶ ሲጨርስ ውሃ ይጠጣበት። ጣቱን አፉ ውስጥ እንዳይከት ክንዱ ላይ በካርቶንና በፋሻ የሠራንለት መደገፊያ አይፈታ። ቀጠሮው ካርዱ ላይ አለ። ገባችሁ? ገብቶናል። ከመሀላቸው አማርኛ የማትሰማ ብትኖር የጎረቤቷን ፊት እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም ወደ ሥራዬ።

አንድ ነገር ለአንዷም ነግሬ አላውቅም፦ ይህን ሁሉ በትክክል አድርጋችሁም ስፌቱ ሊከፈት ይችላል፤ ወተት በአፍንጫው ሲመጣ ካያችሁ ሳትፈሩ ኑ። ይህን ለመናገር ደቂቃ አይፈጅም።

ያቺ ሴት በቀጠሮዋ ቀን መጣች። «ወተቱ ባፍንጫው መጣብኝ እህቴ» አለች። የክንዱን መደገፊያዎች ፋሻቸውን አጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታቸዋለች፤ «ለሌላ ልጅ ይሆናል» ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔ ባትሪዬን አበራሁ። ከዚያ በኋላ የተባባልነው ይኼ ነው።

«ምን አብልተሽው ነው?»

«አጥሚት ነው። እንዳልሽኝ ነው ያደረግሁት።»

«ቆሎ አልቀመሰም? ዳቦ?»

«ኧረ በማርያም!»

«እንጥል ቆራጭ ዘንድስ አልወሰድሽውም?»

«እኔ አፉን ለማንም አላሳየሁም።»

«አትዋሺ። ስፌት እንዲሁ አይከፈትም።»

የመጨረሻዋ ቃሌ ሐሰት ናት። ስፌት እንዲሁ ይከፈታል። ስንጥቁ ሰፊ ሲሆን ሐኪሙ ከግራና ከቀኝ ሥጋውን አንሥቶ መሀል ላይ ለማገናኘት መሳብ ግድ ይሆንበታል፤ በጣም የተሳበ ሥጋ ደም አይደርሰውም፣ ደም ያልደረሰው ጠርዝ አይገጥምም። ብዙ ጊዜ የሚከፈተውም ጠንካራውና ለስላሳው ላንቃ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ መወጠሩ እዚያ ይብሳል። ሌላም ምክንያት አለ፦ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልጁ ቀድሞም በምግብ እጥረት የተጎዳ ይሆናል፣ የሚሰፋው ሐኪም እጅ ልምድ ይለያያል። ለስላሳ ምግብ መስጠት ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ዛሬም እመክራለሁ። ነገር ግን የክንድ መደገፊያን የተዉ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ጡትና ጡጦ የሚፈቅዱ ሆስፒታሎች በሌላው ዓለም አሉ፤ የልጆቻቸው ላንቃ በዚህ የተነሣ አልተበተነም። የሦስት ሳምንቱን ሕግ እኛ እንደ ዐሥርቱ ትእዛዛት ነበር የያዝነው። ሕጉ አንድ ጥቅም ነበረው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም።

በቅርቡ ያነበብኩትን ጥናት እዚህ ላስገባ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ነው። በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካ ላንቃቸው ብቻ የተሰነጠቀ፣ ሌላ ሕመም የሌለባቸው 558 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በ6 ወራቸው፣ ግማሾቹ በ12 ወራቸው እንዲሰፉ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ንግግራቸው ሲመረመር፣ ለስላሳው ላንቃቸው አየሩን ከአፍንጫ በደንብ መለየት ያቃተው፣ በ6 ወራቸው እንዲሰፉ ከተመደቡት 8.9 በመቶ፣ ለ12 ወር ከተመደቡት ደግሞ 15 በመቶ ሆነው ተገኙ። ጤነኛ ልጆች፣ የሠለጠኑ ሐኪሞች፣ በጊዜው የተደረገ ሕክምና፤ ሆኖም ችግሩ አለ። ወሳኝ ከነበሩት ነገሮች አንዱ ጊዜ ነው። የእኛዋ ሴት ልጇን ይዛ ስትመጣ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል፤ ከዚያ በፊት የት መምጣት እንዳለባት የነገራት ሰው የለም።

ሐኪሙ የዚያን ዕለት ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። በአንዱ ልጅና በሚቀጥለው መሀል በሩ ላይ አገኘሁትና «የእገሌ ስፌት ተከፍቷል፤ እናትየው ጠንካራ ነገር ሰጥታው ነው» አልኩት። «ሥጋው እስኪለሰልስ ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፣ ከዚያ እንዘጋዋለን» አለኝ። ተመልሼ «ከስድስት ወር በኋላ ነይ፤ እስከዚያው ደግሞ ተጠንቀቂ» አልኳት። «ደግሞ» የምትለዋ አሁንም ታንገበግበኛለች። ከዚያም ካርዱን ከፍቼ ጻፍኩ፦ ስፌቱ ተከፍቷል፤ እናት የአመጋገብ መመሪያውን አልተከተለችም። ፈረምኩ። ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፊደል የቆጠረች እናት እንኳ ብትሆን ምን እንደተጻፈባት አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ካርዱን ለመመለስ ስገላልጥ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ ላይ ዓይኔ አረፈ። በሐኪሙ እጅ ተጽፏል፦ ስንጥቁ ሰፊ ነው፤ መገናኛው ላይ ስፌቱ ተወጥሯል፤ ሊከፈት ስለሚችል ክትትል ይደረግ። ልጁን ከኦፕራሲዮን ክፍል የተረከብኩት እኔ ነኝ። ካርዱንም አብሬ ተረክቤ ነበር። የመድኃኒት ትእዛዙን አንብቤ ገጹን ገለበጥኩ እንጂ ከሱ በላይ ያለውን አላየሁም።

የስልክ ቁጥር ካርዱ ላይ አለ፤ የሷ ሳይሆን መንገድ ዳር ሱቅ ያለው የዘመዷ ነው። መደወል እችል ነበር። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በነጋው ሥራ በዛ። ከዚያ ደግሞ ምን ብዬ እደውላለሁ ማለት መጣ። በመጨረሻ በስድስት ወሯ መምጣቷ አይቀርም፣ ያኔ በአካል እነግራታለሁ ብዬ ራሴን አሳረፍኩ። የጻፍኩትንም አልሰረዝኩም። ብሰርዘው ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ ፈራሁ፤ ማንም ባይጠይቀኝም።

በስድስት ወሯ አልመጣችም።

ወሬዋን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከወንድሟ ነው። የሱም ሕፃን ከንፈሩ ተሰንጥቆ ተወልዶ አምጥቶታል፤ ነገሩ በዘር ሊሄድ እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የገባው። «እህቴም እዚህ ነበረች» አለኝና ስሟን ጠራው። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ሲናገር ልጆች እየሳቁ አስቸገሩት፣ አሁን ከብት ይጠብቃል። ለምን አልተመለሰችም አልኩት። «እኔው ነኝ ያበላሸሁት፤ ምን ፊት ይዤ እሄዳለሁ ትላለች» አለኝ። ሆስፒታል ምን እንደተባለች ባሏ ለእናቱ ነግሯል። አማቷ ሐኪም የሠራውን አፈረሰች እያሉ በየሰበቡ ያነሡባታል። የእኔ ቃል ከአዲስ አበባ ወጥቶ እዚያ ቤት ውስጥ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው።

ልጁን አምጡት ብዬ ላክሁ። አባቱ ይዞት መጣ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲጠሩት ወደ ሰው አፍ የሚያይ። (ኋላ ስናስመረምረው ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መስማቱ ቀንሷል፤ የጆሮን ቧንቧ የሚከፍቱት የላንቃ ጡንቻዎች ስለሆኑ እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የተለመደ ነው። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ዓይናፋር አይደለም።) በቦታው የነበረው ሐኪም አዲስ ነው፣ ወጣት። ካርዱን ከፈተ፣ የእኔን ጽሑፍ አነበበ፣ ቀና ብሎ አባትየውን «እናቱ ምን አብልታው ነበር?» አለው። አባትየው መሬት መሬቱን እያየ «እንጃ፣ እሷ ናት የምታውቅ» አለ። እኔ ባትሪውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዝም አልኩ። ከተናዘዝኩት ሁሉ ይህቺ ዝምታ ትከብደኛለች፤ መጀመሪያ ስገሥጻት ሳላውቅ ነው፣ ያን ቀን ግን አውቄ ነው።

የንግግር ባለሙያዋ ልጁን ፊቷ አስቀምጣ አፍንጫው ሥር ትንሽ መስታወት ያዘች። «ፓ ፓ ፓ በል» አለችው። መስታወቱን ላብ አለበሰው። እነዚህ ድምፆች በአፍንጫ አየር ማውጣት የለባቸውም። ከዚያ ቤት ያለውን ሰው እንዲጠራ ጠየቀችው፤ «አባባ» ለማለት ሞክሮ «አማማ» አለ። በ መ ትሆንበታለች፣ ደ ደግሞ ነ። አባትየው «እኛ ለምደነዋል፣ እንሰማዋለን» አለ። ባለሙያዋ ቀዳዳው ብቻ እንዳልሆነ ነገረችን፤ ለስላሳው ላንቃም አጭር ነው፣ ሲናገር ከጉሮሮው ጀርባ አይደርስም። በጊዜው ክትትል ቢደረግለት ያኔ ይታወቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኦፐሬሽን ስማይል የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1982፣ ስማይል ትሬይን የተባለው ደግሞ ከ1999 ጀምሮ በብዙ አገሮች ያለ ክፍያ ያሳከሟቸው ልጆች ብዛት የሚያኮራ ነው፤ በእነሱ ድጋፍ የዳኑ ልጆችን በእጄ ታቅፌያለሁ። ግን ሁላችንም የምናውቀው ፎቶ የከንፈር ፎቶ ነው፤ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ። ላንቃ ፎቶ አይነሣም። ሕክምናው ተሳክቷል አልተሳካም የሚባለው ልጁ ሲናገር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዓመታት መጠበቅና መከታተል ይጠይቃል። እኛም በከንፈሩ ውበት ተደስተን ካርዱን የምንዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ወጣቱን ሐኪም ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «አስተካክለሽ ጻፊዋ» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ብዙ ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር። የድሮውን ጽሑፍ እንዲነበብ አድርጌ በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ሥሩ መመሪያ አልተከተለችም የተባለው ያልተረጋገጠ መሆኑን፣ ስፌቱ ተወጥሮ እንደነበር ማስታወሻው እንደሚያሳይ ጻፍኩ። ቀኑን አስገባሁ፣ ፈረምኩ። አባትየውን ኮሪደር ላይ አስቁሜ ነገርኩት። ቆይቶ «ይኼን ለሷ ንገሪያት» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። አሁን የራሷ ስልክ አላት።

ያልኳት ብዙ አይደለም። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም፣ ስፌቱ መጀመሪያም ተወጥሮ ነበር፣ ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ ሳላነብ ነው ውሸታም ያልኩሽ አልኳት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሷ ግን «አሁን ቢሰፋ ይናገራል ወይ?» ነው ያለችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ ቀዳዳው ይዘጋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፣ ንግግሩ ግን ሌላ ሥራም ልምምድም ይፈልጋል፣ ዘግይቷልም። ዝም አለች። ቀጥላ «ለሱ ነግረሽዋል?» አለች፤ ለባሏ ማለቷ ነው። ነግሬዋለሁ አልኳት። «ለናቱም ይንገር በይው» አለች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

ቀዳዳው ተዘግቷል። ንግግሩ ተሻሽሏል እንጂ አልጠራም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያሉትም በአብዛኛው ከተማ ናቸው፤ ከደጋው ወርዶ በየሳምንቱ መመላለስ የሚችል ቤተሰብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የሙያ ባልደረቦቼ፦ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ፤ ስትሸኙ «በትክክል አድርጋችሁም ስፌቱ ሊከፈት ይችላል» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። እናቶች ደግሞ፦ የልጃችሁ ላንቃ ከተሰፋ በኋላ ወተት በአፍንጫው ቢመጣ፣ ወይም ቀዳዳ ሳይኖር በአፍንጫው ቢናገር፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይዛችሁት ኑ፤ ጆሮውም እንዲታይ ጠይቁ። እንደ እኔ ያለች ነርስ ብትቆጣችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ሐኪሙን እስክታገኙ እዚያው ቁጭ በሉ።